ስለ ዛፍና ስለ ድንጋይ ሽበት

በተወለድሁበት አገር ዛፍ አርጅቶ ግንዱ ግራጫ ነገር የለበሰ እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹ «ሸበተ» ይሉታል። ድንጋይም እንዲሁ ይሸብታል። አባባሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሽበት የሰውየው የገዛ ጠጕሩ ሲሆን፣ ይህ በዛፉ ላይ የምናየው ከዛፉ የወጣ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው። ሊቃውንቱ ላይከን ይሉታል። ከዛፉ የሚፈልገው መቀመጫ ብቻ ነው፤ ምግቡን አይሻማውም።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ዕፀዋትን በየስማቸው ሲመዘግብ ላይከኖችን ሁሉ በአንድ ወገን ሰብስቦ አለፋቸው፤ ብዙም አላከበራቸውም። ከመጨረሻዎቹ ደቀ መዛሙርቱ አንዱ የነበረው ኤሪክ አካሪየስ ግን ዕድሜውን ለእነርሱ ሰጥቶ በየወገናቸው ለያቸው። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1867 ስዊሳዊው ሲሞን ሽቬንደነር፣ ላይከን አንድ ፍጥረት ሳይሆን የሁለት ማኅበር ነው ብሎ ተነሣ። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፤ በውስጡ የሚኖረው ዋቅላሚ የተባለው ረቂቅ አረንጓዴ ፍጥረት፣ ወይም እንደ እርሱ ያለ ባክቴሪያ፣ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ይህን ሐሳብ አጥብቆ ተቃወመው፤ ዛሬ ግን በየትምህርት ቤቱ የሚነገር ነው። ስሙ እስከ ዛሬ የሚሰጠው ለፈንገሱ ብቻ ነው። ይህ ሕግ ለእኔ አድልዎ ያለበት ይመስለኛል፤ ቤቱ በባለቤቱ ስም ሲጠራ ወጥ የምትሠራው ሴት ሳትታወስ እንደምትቀረው ያለ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች፣ ከደኑ በላይ ባለው ብርዳምና ጭጋጋም ሜዳ፣ በመሬትና በቍጥቋጦ ላይ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ያለ ግራጫ ላይከን ይበቅላል። የሳይንስ ስሙ ኮራ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሲነበብ ትዕቢተኛ ያስመስለዋል እንጂ ከመሬት የማይርቅ ትሑት ነገር ነው። ይህ ኮራ አንድ ዝርያ ብቻ እንደ ሆነ ተደርጎ ለረጅም ዘመን ሲጻፍ ኖረ። ሮበርት ሉኪንግና ኮሎምቢያዊቱ ቢቢያና ሞንካዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከልዩ ልዩ ተራሮች የተሰበሰበውን ናሙና ወስደው፣ የዘር ውርስ የተጻፈበትን ዲኤንኤ እያነጻጸሩ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ የተባለው ቢያንስ 126 ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ ገና ያልተሰበሰበው ሲገመትም ከ400 በላይ እንደሚደርስ ጻፉ።

ይህን ለአንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጄ ባወጋሁት ጊዜ «አንድ ሽበት ቢሆን መቶ ሽበት፣ ለአገር ምን ይረባል?» አለኝ። የወዳጄ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ የመንግሥትን ገንዘብ የሚያስብ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነው። መልሱ ግን ቀላል ይመስለኛል። አንድ ዝርያ ብዙ አገር ሞልቶ የሚኖር ከሆነ፣ አንድ ተራራ ቢቃጠል ወይም ቢታረስ ከሌላው ተራራ ይተርፋል። አንድ ያልነው መቶ ሆኖ፣ አንዳንዱ በአንድ ተራራ ብቻ የሚኖር እንደ ሆነ ግን፣ በእሳቱ የሚጠፋው ስም እንኳ ሳይወጣለት ይጠፋል። ስለዚህ ቈጠራው የስም ጨዋታ አይደለም።

የውስጡም ቈጠራ ቢሆን አላለቀም። በሰሜን አሜሪካ በሞንታና ደኖች ጠጕር የመሰሉ ሁለት ላይከኖች በዛፍ ይንጠለጠላሉ፤ አንዱ ቡናማ ሲሆን ሁለተኛው መርዛም አሲድ ያለበት ቢጫ ነው። ሲመረመሩ ፈንገሳቸው አንድ፣ ዋቅላሚያቸውም አንድ ሆነ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ቶቢ ስፕሪቢልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 በላይኛው ቅርፊት ውስጥ ሦስተኛ ነዋሪ አገኙ፤ በቢጫው በብዛት፣ በቡናማው ግን በጥቂቱ። ይኸውም የእርሾ ወገን ነው። እርሾ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ሊቃውንቱ ግን ከሽቬንደነር በኋላ 150 ዓመት ያህል በአጉሊ መነጽር እያዩት ሳያስተውሉት ኖሩ። እርሾው በዚያ ምን እንደሚሠራ ክርክሩ አላበቃም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው የምደባ መዝገብ ላይከን የሚሠሩ ፈንገሶች 19,387 ዝርያ፣ 995 ወገን ተብለው ተቈጥረዋል፤ የኮራን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ቍጥር የመጨረሻ ነው ብሎ አይቀበለውም።

በእኛም አገር፣ በባሌና በሰሜን ተራሮች በአስታ ዛፍ ላይ እንደ መነኵሴ ጢም የሚንጠለጠለውን ያላየ ደገኛ ጥቂት ነው። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት በተነሣ ጊዜ ሰዎች የሚጠይቁት ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ ነበር፤ ይህም ተገቢ ነው። በአስታው ላይ ስለ ነበረው ጢም የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም። ሣር በክረምት ይመለሳል፤ ከላይከን ወገን ግን በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማያድግ አለ።

የላይከን ናሙና መያዝ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በጥላ ደርቆ በወረቀት ፖስታ ሲቀመጥ ለብዙ ዘመን ይቈያል። ተማሪዎቼ ከየአገራቸው ሲመለሱ ጥቂት ጥቂት ያመጡልኛል፤ በፖስታው ላይ ቦታውን፣ ዛፉን፣ ቀኑንና የአምጪውን ስም እናሰፍራለን። ባለፈው ሳምንት ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ ከጽድ፣ ሁለተኛው ከአስታ የለቀሙትን አመጡ። መልካቸው ፈጽሞ አንድ ነው። «አንድ ስለ ሆኑ በአንድ ፖስታ እናድርጋቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ፖስታ ሰጠኋቸው።