ሊብሬው በማን ስም ይሁን?



በቤተሰብ መጽሔት ላይ ስለ መኪና ግዢ መጻፍ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። በእኛ ቤት ግን በ2017 ዓ.ም. ለወራት ያህል ከዒሻ ሰላት በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረም። ፒካፕ ይገዛ ወይስ ፕራዶ? ራት ቀርቦ ይቀዘቅዛል፣ ቡናው ሦስተኛው ይደርሳል፣ እኛ አሁንም እዚያው ነን። ነገሩ የመኪና ብቻ ሳይሆን መቅረቱን የተረዳነው ዘግይተን ስለሆነ፣ የደረሰብንን እንዳለ ልናጫውታችሁ ወደናል።

እኛ ኮምቦልቻ ተወልደን ያደግን ሦስት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ነን። ታላቃችን በአባታችን ሱቅ እህል ይነግዳል። ታናሻችን የሰው አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው። ይህን ብዕር የያዘው መካከለኛው ደግሞ መምህር ነው። ሁላችንም ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ነው ያደግነው። እህታችን ግን አሥረኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ በ2004 ዓ.ም. ወደ ኩዌት ሄደች። እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመለሰች። ዛሬ ከዝናብ የሚያስጠልለን ቆርቆሮ የእሷ ነው። የእናታችን የወገብ ሕክምናም ከእሷ ነው። መምህሩ ክረምት ክረምት እየተማረ ዲግሪውን የያዘውም እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ምሽት ክርክር ውስጥ አንድም ቀን አላነሣነውምና።

መኪና የመግዛቱ ሐሳብ የመጣው ከድሮዋ ፒካፕ ነው። አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) በ1989 ዓ.ም. ያገለገለች ባለ አንድ ካቢን ሃይሉክስ ገዝተው ነበር። እኛ ያደግነው በካሶኔዋ ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከከሚሴ በኩል ማሾና ማሽላ ታመጣለች፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ትወርዳለች፣ ሠርግ ሲኖር ሙሽራ፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ትጭናለች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ደግሞ በሁለት ምልልስ የእኛንም የጎረቤትንም ቤተሰብ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል፣ ገጠር ዘመዶቻችን ዘንድ አድርሳናለች። ፍራሽ አንጥፈን ሽማግሌዎቹን አስተኛን፤ ልጆቹን ከስፖንዳው ሥር ሸጎጥን። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር እህታችን ኩዌት ሆና ለሳምንታት መሞታችንንም መኖራችንንም ሳታውቅ ከረመች። ከዚያ ጉዞ በኋላ ሞተሯ አልተመለሰም። ሁለት ጊዜ አስጠግነናት በመጨረሻ ለመለዋወጫ ሸጥናትና ገንዘቡን በፈራኢድ ተከፋፈልነው። ዋጋዋ እንኳን ለክፍፍል ለወሬም አይበቃም ነበር።

እህታችን ስትመለስ የያዘችው ገንዘብ፣ ላቧን ለሚያውቅ፣ ብዙ ነበር። ገበያው ግን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ አስቀድሞ አገር ውስጥ የገባ መኪና የያዘ ሰው እንደ ወርቅ ያየዋል። የእሷ ቁጠባ ለአንድ ደኅና ደብል ካቢን ሃይሉክስ ከበቂ በላይ ነበር፤ ፕራዶውን ለመግዛት ግን ሁሉም ተሟጥጦ አሁንም ይጎድላል።

ፕራዶውን ያመጣው ደላላ ነው። ከዱባይ በጅቡቲ በኩል የገባ ነጭ ቪ ኤክስ፣ የቆዳ ወንበር፣ ጣሪያው የሚከፈት። ደላላው «ይሄ መኪና አይደለም፣ ሳሎን ነው» አለን። እውነቱን ለመናገር ሳሎን ይመስላል። ታላቃችን ገብቶ መሪውን ሲይዝ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ።

ከአባታችን ዘመን ጀምሮ የምናውቃቸውን መካኒክ ይዘን ሁለቱንም አስመረመርን። እሳቸው ወሬ አያበዙም። መጀመሪያ የታየውን ፒካፕ አዲስ ቀለሙን አይተው ዝም አሉ፤ ከሥሩ በጀርባቸው ተኝተው ሲወጡ «ሻንሲው ተበይዷል፣ ሂዱ» ብቻ ነበር ያሉት። ሁለተኛው ፒካፕ ደኅና ሆነ። ቀጥለው ስለ ሁለቱ መኪኖች ያስረዱን ነገር ለእኛ አዲስ ነበር። ከላይ ሲታዩ አንዱ ጌታ አንዱ ሎሌ ይምሰሉ እንጂ ሁለቱም በሻንሲ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ እኛ ያየናቸው ሁለቱ ደግሞ ሞተራቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ባለ 3 ሊትር ዲ ፎር ዲ ናፍጣ። ንጹሕ ናፍጣ ካላገኙ የሁለቱም ኢንጀክተር ይበላሻል፣ ጥገናውም ኪስ ያደማል። ዋናው ልዩነት ከኋላ ነው። ፒካፑ ወደ አሥር ኩንታል እንዲሸከም ባሌስትራ ተደርጎለታል፤ ፕራዶው ሰው እንዲያንሸራሽር ሞላ አለው። «ፒካፕ ባዶዋን ስትሄድ ትዘላለች፤ ስትጭኑባት ትረጋለች» አሉን።

ይህን በእናታችን ወገብ ላይ ሞከርነው፤ አላህ ይቅር ይበለን። እናታችን በየወሩ ደሴ ሐኪም ያያቸዋል። ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መታጠፊያው አያልቅም። በፕራዶው ሲሄዱ ግማሽ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በፒካፑ ሲሄዱ ግን በየመታጠፊያው «ያ ለጢፍ! ያ ለጢፍ!» እያሉ ነው የደረሱት።

እንግዲህ ክርክሩ በዚህ ተፋፋመ። ታላቃችን ፕራዶውን አለ። የእናታችን ወገብ አንዱ ማስረጃው ነው። ሁለተኛው፣ ፕራዶ ለሠርግ ይከራያል። ሦስተኛው ሐዲስ ነው፦ ምቹ መጓጓዣ ለሰው ልጅ ከተሰጡት የደስታ ነገሮች እንደሚቆጠር መድረሳ የተማርነውን አስታወሰን። ለጎደለው ገንዘብም መላ አግኝቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋልና በሙራበሓ እንጠይቅ፤ ባንኩ መኪናውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥልናል፣ እኛ በየወሩ እንከፍላለን፣ ወለድ የሚባል ነገር አይነካንም አለ።

መምህሩ በበኩሉ ፒካፑን አለ። በዚህ ክርክር ውስጥ የመምህሩ ድምፅ ከሁሉ ከፍ ይል እንደነበር ሳንደብቅ እንናገራለን። ስለ ኢስራፍ ተናገረ፤ ስለ ይዩልኝ ተናገረ፤ ጎረቤት ከጦርነት በኋላ ቤቱን ጠግኖ ባልጨረሰበት ሰፈር ነጭ ፕራዶ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ አብራራ። ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው የጎደለው። (ትምህርት ቤት ደጃፍ በፕራዶ ሲወርድ ራሱን በሐሳቡ አላየም ብንል ግን እንዋሻለን። ከአንድ ጊዜ በላይ አይቷል።) ታናሻችን የሚነዳው እሱ እንደሚሆን እርግጠኛ ስለነበር ሁለቱም ይስማማው ነበር። ሊብሬው በታላቃችን ስም እንዲሆን ደግሞ ሁላችንም ሳንነጋገር ተስማምተናል። ታላቅ ነዋ!

አንድ ምሽት ታላቃችንና መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየተከራከሩ ሳለ፣ እናታችን መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና «ለመሆኑ ባለቤቷን ጠይቃችኋታል?» አሉ። ባለቤቷ ቡና እየቀዳች ነበር። የሁላችንም ዓይን ወደ ጀበናው ዞረ። አንባቢያን ይመኑን፣ ለወራት እሷ ቡና ስትቀዳ እኛ በገንዘቧ ስንሟገት ኖረን፣ «አንቺስ?» ያላት አንድም ሰው አልነበረም።

«ጋሼ» አለች ለታላቃችን፤ «እኔ የምፈልገው ፕራዶውን ነው።»

መምህሩ ደነገጠ። ኢስራፉን ሊጀምር አፉን ሲከፍት እናታችን በዓይናቸው አስቀመጡት።

«ኩዌት አሠሪዬ ጂ ኤም ሲ ነበራት» ብላ ቀጠለች። «እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ የልጆቹን ቦርሳ ታቅፌ ነው የምሄደው። አንድ ቀን መስኮት ልክፈት ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እንደዚያ ያለ መኪና የራሴ ሆኖ፣ እማዬን ፊት አስቀምጬ፣ ራሴ ስነዳው ስንት ጊዜ በሐሳቤ አይቻለሁ መሰላችሁ። ደስ እንዲለኝ ነው፤ ለሰው እንዲታይልኝ አይደለም።» ስኒዎቹን ለቀም ለቀም አደረገች። «ግን ሒሳቡን ብቻዬን ሠርቼዋለሁ። ፕራዶውን ከገዛሁ እጄ ላይ ምንም አይቀርም። የባንኩ ክፍያ ደግሞ በየወሩ አለ። ያን የሚከፍለው ማነው? የሠርግ ኪራይ ክረምት ላይ የለም፣ ረመዷን የለም። ስለዚህ ተመልሼ ኩዌት እሄዳለሁ ማለት ነው። ፒካፑ ከሆነ ይሠራል፣ እኔም እቀራለሁ። መቅረት እፈልጋለሁ።»

ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ታላቃችን ራሱን እንደ ደፋ «አውፍ በዪን» አላት። እንደዚያ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምተነው አናውቅም።

በማግስቱ የሰፈራችን ሼኽ ዘንድ ሄድን። ያማከርናቸው ሴት ልጅ ገንዘቧ የራሷ መሆኑን ለመጠየቅ አይደለም፤ ይህንማ ሁላችንም ተምረነዋል፣ መምህሩም ለተማሪዎቹ ያስተምረዋል። ስለ አሠራሩ ነው። ሼኹ ነገሩን አቀለሉት፦ መኪናው የእሷ፣ ታናሽየው በታወቀ ደመወዝ ሾፌር፣ ታላቅየው እህሉን ሲያስጭን እንደ ማንኛውም ነጋዴ የጭነት ዋጋ ይክፈል። ስለ ዘካም ጠየቅናቸው። ለሥራ በተያዘው መኪና በራሱ ላይ ዘካ የለም፤ ከገቢው ተርፎ ኒሷብ የሞላና ዓመት የዞረበት ገንዘብ ላይ ግን 2.5 በመቶ አለ አሉን። ከዚያ ወደ መምህሩ ዘወር ብለው «ጻፉት» አሉ። «ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምንድን ነው?»

ስለ ዕዳና ስለ ውል መጻፍ ነው። መምህሩ አንቀጹን በልጅነቱ በቃሉ ይዞታል። በቤታችን ግን በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ከኩዌት ከመጣው ገንዘብ አንዲቱም በወረቀት ላይ ሰፍራ አታውቅም። ቆርቆሮውም፣ የክረምት ትምህርቱም። ያን ቀን ውሉን በሁለት ምስክር ፊት የጻፈው መምህሩ ነው፤ እጁ ሲጽፍ እንደዚያ ከብዶት አያውቅም። ጽፎ ሲጨርስ እህታችን አንብባ «እዚህ ጋ የጭነት ዋጋው በኩንታል ይሁን እንጂ በምልልስ አይሁን» ብላ አሳረመችው። ሼኹ ሳቁ።

ሊብሬው በስሟ ወጣ። መንጃ ፈቃዱ ወራት ፈጀ፤ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ስትለቅ ስንት ጊዜ እንዳጠፋችው ታናሻችን ቢቆጥርም እዚህ አንጽፈውም። በመጀመሪያው ወር ወደ ደሴ ለሐኪም ስትሄድ እሷ መሪ ላይ፣ እናታችን ፊት፣ እኛ ሦስታችን ኋላ ተቀመጥን። መካኒኩ ያሉትን አስታውሰን፣ ለእናታችን ወገብ እንድትረጋ ብለን፣ ካሶኔው ላይ አምስት ኩንታል ማሾ ጭነናል። ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ስንወጣ ከኋላችን አይሱዙዎች ጥሩንባቸውን ያስጮኻሉ። ታናሻችን «እለፉ በያቸው፣ ዳር ያዢ!» ይላል፤ እሷ አትሰማውም፣ ወይም አልሰማሁም ትላለች። መስኮቷን እስከ ታች ከፍታዋለች፤ ብርዱ እኛን ከኋላ ያንቀጠቅጠናል፣ ዝጊ ለማለት ግን አንዳችንም አልደፈርንም። እናታችን «ያ ለጢፍ»ን ሦስት ጊዜ ብቻ አሉ፤ ቆጥረናል።

ደሴ ስንደርስ ማሾውን በዚያው ሸጠነው ሄድን። አሁን እናታችን የሐኪም ቀጠሯቸው ሲቃረብ ስለ ወገባቸው ከመናገራቸው በፊት የሚጠይቁት «ማሾው ተጫነ?» ብለው ነው።