የማድ ቤቱ ጢስ መውጫ

የፍቼ ጨምበላላ በዓል ከሚከበርበት ከጉዱማሌ ሜዳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር እናቴ የሚኖሩበት አሮጌ የጭቃ ቤት አለ። የማድ ቤቱ ጢስ መውጫ የቆርቆሮ ቱቦ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናብ በቱቦው እየገባ ምድጃውን ቢያረጥብባቸው፣ ጣራ ላይ ወጥቼ አፉን ደፈንኩት። ፍሳሹ ቆመ፤ እኔም በሥራዬ ኮራሁ።

በሳምንቱ እናቴን ከማድ ቤቱ ደጃፍ ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ ዝናቡ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። ደነገጥሁ። ጢስስ ዓይንን እያቃጠለ ያስጠነቅቃል፤ አብሮት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም ሳይኖረው ይገድላል።

በጥንቱ የሲዳማ ቤት እንዲህ ያለ ቱቦ አያስፈልግም ነበር። ጢሱ በክዳኑ መካከል ሰርጎ ይወጣል፤ ሲወጣም ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቃል። ቆርቆሮ ጣራ ግን ጢስን አያሳልፍም፤ ስለዚህ መውጫ ያሻዋል።

አንድ አዛውንት ቆርቆሮ ሠሪ ጠራሁ። ቱቦውን ነቅለው በዱላ ቢመቱት ጥቀርሻው እንደ አፈር ፈሰሰ፤ ለካ እኔ ከመድፈኔ በፊትም ገሚሱ ተዘግቶ ኖሯል! የዛገውን ቆርጠው ጣሉ። ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ቆብ ደፉለት፤ ዝናቡ ሳይገባ ጢሱ በጎን ይወጣል። ቱቦው ከጣራው ጋር የሚገናኝበትንም ዙሪያ በሬንጅ ለቀለቁት።

አሁን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ቱቦውን አውርጄ እጠርጋለሁ። እናቴም መሰላሉን ይዘው ከሥር ይቆማሉ፤ «እንዳትደፍነው!» ሳይሉኝ ግን አያወጡኝም።