ከመጠለያው ደጃፍ ያለው እባብ

በዋሽንግተንና በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ተራራ ሲያምረን ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እንወጣለን። ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የአፓላቺያን የእግር መንገድ በፓርኩ ውስጥ ያልፋል። በመንገዱ ላይ ከፊት ክፍት የሆኑ፣ ሦስት ግድግዳ ብቻ ያላቸው ማደሪያዎች አሉ። እባብም አይጠፋባቸውም። እዚያ እያደርኩ ከተማርኩት ጥቂቱን ላካፍል።

እባቡን የሚጠራው አይጥ ነው፤ አይጡን የምንጠራው ደግሞ እኛ። ቆሎ በወለሉ ሳንቃ ስንጥቅ ገብታ ስትቀር፣ የዳቦ ፍርፋሪ ሲራገፍ፣ ማታውኑ ከሥር ኮሽ ኮሽ ይጀምራል። ስለዚህ የምንበላው ከማደሪያው ራቅ ብለን ነው። የተረፈውንም ድብ እንዳይደርስበት በተተከለው ረጅም ምሰሶ ላይ እንሰቅለዋለን።

በሸናንዶዋ መርዛም የሆኑት ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ኮፐርሄድና ጅራቱን የሚያንቀጫቅጨው ቲምበር ራትልስኔክ። ግድግዳ ላይ ሲወጣ የሚታየው ረጅሙ ጥቁር እባብ መርዝ የለውም። አንድ ጊዜ ይኸው ጥቁር እባብ ከጣሪያው ማገር ላይ ተጋድሞ አገኘነው። አብረውን የነበሩ አዛውንት በትራቸውን አነሱ።

«እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል ሲባል ነው ያደግነው!»

«ጋሼ፣ ይተዉት እባክዎ። አይጥ ፈልጎ ነው፤ ራሱ ይሄዳል።»

ሄደም። በፓርኩ ውስጥ እባብ መግደል በሕግ የተከለከለ ነው። ሕግ ባይኖርም እንኳ ልገድል ብሎ የተጠጋ ሰው ለመነደፍ የቀረበ ሰው ነው። ሴቷ ራትልስኔክ ለመውለድ እስክትደርስ ዓመታት ይፈጅባታል፤ ከወለደችም በኋላ ዳግም እስክትወልድ ዓመታት ያልፋሉ። አንዷ ስትሞት ቦታዋ ቶሎ አይሞላም፤ ይህ እውነት ያሳዝነኛል።

ጅራቱ ካልጮኸ እባብ የለም ማለት አይደለም። ራትልስኔክ አይጥ ለመያዝ ሲያደባ ከወደቀ ግንድ ጎን ይጠቀለልና አገጩን ግንዱ ላይ አስደግፎ ዝም ይላል። ኮፐርሄድ ደግሞ ቀለሙ የረገፈ ቅጠል ስለሚመስል ሰው ሲመጣ ባለበት ድርቅ ይላል። ግንድ ሲያጋጥማችሁ ዘላችሁ አትለፉ፤ ላዩ ላይ ቆማችሁ ማዶውን አይታችሁ ውረዱ። እንጨት ስትለቅሙም እጅ ከመስደዳችሁ በፊት እዩ። ሌሊት ለሽንት ስትነሱም የግንባር መብራትና ጫማ አይለያችሁ።

አገር ቤት የተነደፈን ሰው እግሩን በገመድ ጥፍር አድርጎ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ የተለመደ ነው። እናቶቻችን በፍቅር ያደረጉት ቢሆንም ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ይልቅስ ቀለበትና ሰዓት እብጠቱ ሳይመጣ ይውለቅ፤ እብጠቱ የደረሰበት ጫፍ በእስክሪብቶ ተሰምሮ ሰዓቱ ይጻፍበት፤ ሰውየው ይረጋጋ፤ በረዶ አይደረግበት። መድኃኒቱ ሆስፒታል የሚሰጠው የመርዝ ማርከሻ ነው፤ እባቡን ይዞ መሄድ አያስፈልግም።

የሚደወለው 911 ነው። ስለ መርዝ ምክር የሚሰጠው ነጻ መስመር ደግሞ 1-800-222-1222 ሲሆን ሌት ተቀን ይሠራል። ተራራው ውስጥ ስልክ ብዙ ቦታ ስለማይሠራ፣ የምታድሩበትን ማደሪያ ስምና የምትመለሱበትን ቀን ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ለሚቀር ሰው ጽፋችሁ ስጡ።