ወደ ሀዋታ፤ የወርዲን ወዳጆች ፍለጋ

የሱዳኑን ዘፋኝ የመሐመድ ወርዲን ዜማ የሚወዱ ሰዎች በሀዋታ ተሰብስበው እንደሚያመሹ ሰምተን፤ ከሱዳኑ ጦርነት አስቀድሞ በአንድ በጋ ከጎንደር ተነሣን። መተማ ላይ ድንበሩን ተሻግረን፤ ገዳሪፍንም አልፈን ማሽላና ሰሊጥ ወደሚታረስበት ሰፊ ሜዳ ገባን። ከአገራችን ደጋ የሚወርደውን የራሃድን ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኖ አገኘነው።

ማታ ዝንጅብል የገባበት ቡና በጀበና ቀርቦ ዘፈኑ ተጀመረ። ዐረብኛ አናውቅም፤ ዜማው ግን እንግዳ አልሆነብንም፤ የሱዳንም የእኛም ዘፈን አብዛኛው በአምስት ድምፅ የተሠራ ነውና። (በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርናቸው የስኮትላንድ ዜማዎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ ልጅ ሳለን ለምን እንደሚጥሙን አናውቅም ነበር።)

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፤ ወርዲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 በአዲስ አበባ ሲዘፍን ለመስማት ሰሊጣቸውን ሸጠው ሄደው ነበር። «ከጎኔ የቆሙት የአገራችሁ ወጣቶች ቋንቋችንን ሳያውቁ ቃሉን ሁሉ አብረው ይሉት ነበር» አሉን በአስተርጓሚ። ቀጥለውም የጥላሁን ገሠሠን አንድ ዘፈን አንጎራጎሩና ትርጕሙን ጠየቁን። ዜማው አልተዛነፈም፤ ቃሉ ግን በብዙ ዘመን ተለውጦ ከ«ልቤ» በቀር የለየነው አልነበረም። የመሰለንን ፈጥረን ልንነግራቸው ዳድቶን ነበር፤ አፈርንና እውነቱን ተናገርን። ጥቂት ዝም ብለው፤ «እንግዲያስ ጽፈህ ላክልኝ፤ ልጄ» አሉ።

አዲስ አበባ ገብተን ዘፈኑን በዜማው ፈልገን አገኘነው፤ ቃሉንም ወደ ዐረብኛ አስተርጕመን ጻፍነው። የሚያደርስልን መንገደኛ ስንጠባበቅ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ፤ ወረቀቱ እስካሁን በእጃችን ነው።