ከፍለን የጣልነው ድንጋይ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ አሮጌ ቤት የሚያድስ ሰው ግንበኛ ከመጥራቱ በፊት መኪና ይጠራል። «በስንት ቢያጆ ታነሳልኛለህ?» ይላል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ የሚፈርሰው ነገር ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ጭቃው፣ ድንጋዩ፣ ማገሩ፣ ቆርቆሮው፣ የቀለም ጣሳው ሁሉ አንድ ላይ ተደባልቆ ደጅ ላይ ይከመርና ቆሻሻ ይባላል። ጉለሌ ውስጥ ስንት ሀብት በዚህ መንገድ እንደወጣ ሳስበው ያንገበግበኛል።

እኛ ሰፈር ከፈረሱት ቤቶች የአንዲት እናትን ቤት ላንሳ። ከደርግ በፊት የተሠራ የጭቃ ቤት ነው። መሠረቱ ሲቆፈር የወጣው ድንጋይ ዛሬ በትዕዛዝም አይገኝም፤ በመሮ ተጠርቦ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ሁለት ጎረምሳ በባሬላ ካልሆነ የማያነሳው ጥቁር ድንጋይ። ግንበኛው አንዱን በመዶሻ ኳ አድርጎ ድምፁን ሰማና «እማማ፣ ይሄ እኮ እንደገና መሠረት ይሆናል፤ ለብቻው ልደርድረው» አላቸው። እማማ ልጃቸውን አዩ። ልጅየው ግን ቸኩሏል። ከባድ መኪና ቀን እንደ ልቡ ስለማይንቀሳቀስ የሚመጣው ማታ ነው፤ ደጁ ጠባብ ነው፤ ጎረቤት መነጫነጭ ጀምሯል፤ ደንብ አስከባሪ አንዴ አስጠንቅቋል። «አብሮ ይሂድ፣ ይሂድ» አለ፤ ሄደ። ኋላ ረዳቱ ለሰፈሩ ልጆች እንዳወራው፣ ሾፌሩ ለማንሻ የተከፈለው ሳያንስ ድንጋዩን እዚያው ማታ ለሌላ ገንቢ ሸጦታል። በሳምንቱ እማማ የመሠረት ድንጋይ ገዙ። የመጣላቸው ያልተጠረበ፣ ሩቡ ፍርካሽ የሆነ ድንጋይ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ነው።

በሾፌሩ አልፈርድም። የዕቃውን ዋጋ ያወቀው እሱ ብቻ ነበር።

ጭቃውም ቢሆን የሚጣል አልነበረም። የድሮ ቤት ግድግዳ ከጤፍ ጭድ ጋር ቦክቶ የደረቀ አፈር ነው። በዶማ ተከስክሶ ምስማሩና የኖራ ቅርፊቱ ከተለቀመ በኋላ ውሃ ይጠጣል፤ አዲስ ጭድ ተጨምሮበት እየተረገጠ ጥቂት ቀን ከሰነበተ ለማድቤትና ለአጥር ምርጊት ይሆናል። የተረፈው ተነፍቶ ጓሮ ይገባል። ሲሚንቶ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ይህን ከፍሎ መጣል ምን ይባላል? የተሰባበረ ብሎኬትና ኮንክሪትም ወለል ከመፍሰሱ በፊት ከሥር ለሚደለደለው ሃርድኮር ይሆናል። ለሃርድኮር ብሎ አንድ መኪና ድንጋይ የሚያስመጣ ሰው በዚያው ቀን አንድ መኪና ስብርባሪ ሲያስጭን በዓይኔ አይቻለሁ።

እንጨቱ ደግሞ የባሰ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የዚህን ከተማ ቤት አቁሟል፤ ቋሚውም ማገሩም እሱ ነው። ምስጥ የበላው ለግንባታ አይመለስም እንጂ ለምድጃ ያህል አያንስም። ያን የደረቀ እንጨት ከአፈር ጋር ደባልቀን መኪና ላይ ስንወረውር፣ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱት ሴቶች በመኪናው ጎን እያለፉ ነበር። ጠርተን «ውሰዱ» ያልናቸው የለም። ቆርቆሮውንና ብረቱን ቆራሌው ደጅ ድረስ መጥቶ ገንዘብ ከፍሎ ይወስደዋል፤ ምናለሽ ተራም እንዲህ ያለው ነገር እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። ይህ ሁሉ ከተለየ በኋላ እውነተኛው ቆሻሻ፣ ማለትም ስብርባሪ መስታወት፣ የቀለም ጣሳ፣ የተቀደደ የኮርኒስ አቡጀዲ፣ በጥቂት ማዳበሪያ ያልቃል። መኪናው የሚያስፈልገው ሳንለይ ስለምናፈርስ ነው። በየቤቱ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት «አፈር አንወስድም» ሲሉ ብዙ ሰው ይቆጣል፤ እነሱ ግን የተቋቋሙት ለቤት ጥራጊ ነው።

የሚያስቆጨው፣ ይህን አስቀድሞ ያሰበ ሕግ የነበረን መሆኑ ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቤት ከመሠራቱ፣ ከመስፋፋቱ ወይም ከመፍረሱ በፊት ባለቤቱ ለፍርስራሹ አወጋገድ ዋስትና እንዲያስይዝ ይል ነበር። ፍርስራሹም ገደል ለመሙላት፣ የተራቆተ መሬት ለማዳን ወይም ለግንባታ እንዲውል ይፈቅድ ነበር። ይህ በ1999 ነው! ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ፈርሶ ተሠራ? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ፣ የመቶ ዓመት ጥርብ ድንጋይ በኤክስካቫተር አካፋ ከአፈር ጋር ሲዛቅ ቆመን አይተናል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የበርሊን ሴቶች ከፍርስራሹ ጡቡን በመዶሻ እየጠረጉ ለግንባታ መልሰውታል፤ ያልሆነው ተከምሮ ዛሬ ሰው የሚንሸራሸርበት የቶይፍልስበርግ ኮረብታ ሆኗል። እኛ የከመርነው የቆሻሻ መጣያውን ቆሼን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። እስከ ቆሼ ድረስ ከጉለሌ ከተማውን አቋርጦ መሄድ ደግሞ ነዳጅ ነው፤ ስለዚህ ሌሊት የወጣው መኪና ሁሉ እዚያ አይደርስም። ጠዋት ወንዝ ዳር ትኩስ የአፈር ክምር የምናገኘው ለዚህ ነው። ያ አፈር በክረምት ወደ ታላቁ አቃቂ ይወርዳል፤ ከዚያም ደለል አስቀድሞ ወዳጎሳቆለው አባ ሳሙኤል። በ2017 ዓ.ም. ከተማው ወንዝ የሚበክልን በከባድ የሚቀጣ ደንብ አወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል፣ ጅቡ ገና አልሄደም።

የእኛ ሰፈር ዕድል ግን ከሁሉም የቀረበ ነበር። ከጀርባችን ወደ ቀጨኔ ወንዝ የሚወርድ ቦይ አለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ዳሩን እየበላ የሁለት ቤት አጥር ወስዶ ነበር። ብዙ ቤት ሊፈርስ በታቀደበት በጋ መግቢያ ላይ፣ በእድር ስብሰባ አንድ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ አባት ተነሥተው ተናገሩ። የሚያፈርስ ሁሉ ድንጋዩን ለቦዩ ይስጥ፤ ከግርጌ በጋቢዮን ሽቦ ይታሰር፤ ከኋላው ቆሻሻ ያልነካው አፈር በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላ፤ የውሃው መውረጃ እንዳይዘጋ ወረዳው ባለሙያ ይመድብልን፣ ፈቃዱን እኔ እከታተላለሁ አሉ። ሽቦው በመዋጮ ይገዛል፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ቢያጆ ከሚያስከፍለው ያነሰ ነበር። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው አንዱ የተከራየ ድንኳን ተቀዶ ስለመመለሱ አነሣ፤ በእሱ ላይ ጭቅጭቅ ሆነ፤ መሸ። የቦዩ ጉዳይ ለሚቀጥለው ወር ተባለ። በሚቀጥለው ወር ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ከዚያ ሰው በየራሱ መኪና ጠራ፤ በጋውን ሙሉ ሌሊት ሌሊት ድንጋይ ሲጫን እንሰማ ነበር።

በሐምሌ ሦስተኛው አጥር ሄደ። አሁን እድሩ ለጋቢዮን መዋጮ ጠርቷል። ሽቦውን ያኔም እንገዛው ነበር። የተጨመረብን የድንጋዩ ዋጋ ነው፤ በቢያጆ፣ ከነማራገፊያው።