ከካራ እስከ መርካቶ

ሚኒባሱ ከመገናኛ ተነሥቶ ላምበረትንና ኮተቤን አልፎ ካራ ላይ አወረደኝ። ከአስፋልቱ ወደ አያቴ ቤት ሽቅብ የምትወስደው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኟ ባሕር ዛፍ ነው። ጭራሮ ተሸክመው፣ አጎንብሰው የሚወርዱ ሴቶችን ዳር ይዤ አሳለፍኳቸው። አያቴም በልጅነቷ ከእናቷ ጋር በዚሁ ቁልቁለት እየወረደች አራዳ ድረስ እንጨት ትሸጥ ነበር። አሁን መቶ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል።

የመጣሁት ስለ ጣሊያን ጊዜ ላስወራት ነው። የዘር መድልዎ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ደቡብ አፍሪካ ወይም የአሜሪካ አውቶቡስ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በማርሻል ባዶሊዮ የሚመራው የጣሊያን ጦር በደሴና በደብረ ብርሃን በኩል መጥቶ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ነጭና ጥቁር ተለይቶ እንዲኖር ታቅዶ ነበር። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ፕላኑን ነደፉ። በሚያዝያ 1929 የወጣው አዋጅ ደግሞ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ይህን ስነግራት አያቴ ከት ብላ ሳቀች።

«ቀን ቀን ነው እንጂ፣ ሲመሽማ ማን ሊለያቸው!»

አዋጁን ሰምታው አታውቅም። የምታውቀው የገበያውን መነሣት ነው። አራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ ተነሥቶ አራዳ የነጮች መገበያያ እንዲሆን፣ ሀበሻው ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ እንዲሄድ ተደረገ። ልዩነቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፕላን ለሚነድፍ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ከካራ እንጨት አዝላ ለመጣች ልጅ ግን መድልዎ ማለት ይኸው ተጨማሪ መንገድ ነበር።

«እናቴ አራዳ ላይ ሸክሟን አስደግፋ የምታርፍበት ድንጋይ ነበራት» አለችኝ። «ኋላ ሶላቶው ‹እለፉ፣ እለፉ› ይለን ጀመር። ሳናርፍ እናልፋለን።»

የካቲት 12ን ሳነሣባት ፊቷ ተለወጠ። በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከተማው ውስጥ ሦስት ቀን ሰው ሲታረድ፣ ቤት ሲቃጠል እነሱ ተራራው ላይ ሆነው ጭሱን አይተዋል። ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልገፋኋትም።

ወሬውን ለመለወጥ ብዬ፣ መንገዱ ከረዘመ የእንጨቱም ዋጋ ጨምሮላቸው እንደሆነ ጠየቅኋት። ሽቅብ ሽቅብ አየችኝ።

«የከተማ ልጅ! እንዲያውም ወረደ እንጂ። ከየካም ከእንጦጦም የወረደው እንጨት ሻጭ ሁሉ አንድ ቦታ ሲታጎር፣ ገዢው እንዳሻው ያማርጣላ! ደግሞ የማይመሽብን መስሎሽ? ካራ ለመመለስ ስንል በሰጡን እንሸጣለን።»

ይህን ስትናገር ድምፅዋ ከፍ ብሎ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።