ቤቴን በአይሱዙ ጭኜ ወደ ቢታ ገነት

ጊዜው ሐምሌ 2014 ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በኪራይ የኖርኩባትን አዲስ አበባን ትቼ ወደ እናቴ፣ ወደተወለድኩባት የካፋዋ ቢታ ገነት ልመለስ ቆርጬ ተነሣሁ። አብሮ አደጌ ሹፌር ነው። በአይሱዙው ከካፋ ኮረሪማና ማር ጭኖ መርካቶ ያራግፋል፤ ሲመለስ ያገኘውን ይጭናል። የጭነት መኪና እያፈላለግኩ መሆኔን ሲሰማ ተቆጣ። «እኔ ባዶዬን ስወርድ አንተ ለባዕድ ልትከፍል?» አለኝ። ነገሩ በዚያው አለቀ። በሁለት ቀን እንገባለን ያልነው መንገድ አራት ቀን ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በክረምት ዕቃ ጭነው ወደዚያ አገር የሚወርዱ ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህን ነው።

1. ዝናብ ከሥርም ይመጣል

ዕቃ ስንጭን ሁላችንም የምንፈራው ከላይ የሚወርደውን ውኃ ነው። የእኔን መጻሕፍት ያበላሸው ግን ጎማው የረጨው ነው። ካርቶኖቹ ከባድ ስለሆኑ ከታች ይግቡ ብዬ ጫኞቹን ያዘዝኩት ራሴ ነኝ። ውኃው በወለሉ ስንጥቅ እየገባ ጅማ ስንደርስ የታችኛው ረድፍ ካርቶን በእጅ ሲነካ የሚፈርስ ሆኖ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሰበሰብኩት ነውና አንጀቴ ተቃጠለ። መጽሐፍ በላስቲክ ይጠቅለል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ይግባ፣ ከአልጋው ጣውላ በላይ ይቀመጥ። ከታች ብረት፣ በርሜል፣ ባልዲ ይሁን።

የሸክላ ምጣድ ደግሞ አይተኛም፤ በሁለት ፍራሽ መሀል በጠርዙ ይቆማል። ይህን ያስተማሩኝ አከራዬ ናቸው። ስሰናበታቸው የራሳቸውን ምጣድ ሰጡኝ፤ «አቁመህ ውሰደው፣ ከተኛ መንገዱ ይሰብረዋል» አሉኝ። እንዳሉት አደረግኩ። ዛሬም እናቴ የምትጋግረው በእሱ ነው።

አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ ከሰል ማንደጃና ጀበና ከሁሉም በኋላ ተጭነው በኋላው ስፖንዳ አጠገብ ይሁኑ። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

2. ገመድ ሁለት ጊዜ ይታሰራል

ዕቃ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ጧት እንደ ክራር የተወጠረው ገመድ ይላላል። ጓደኛዬ ቱሉ ቦሎ ላይ ሳይጠየቅ ቆመ። ሸራውን ዞረን አየነው፤ በአንድ በኩል ነፋስ ገብቶበት መንፋት ጀምሮ ነበር። እንደገና አሰርነው። አሥር ደቂቃ ነው የፈጀው።

3. የምትወጣበት ማርሽ የምትወርድበት ይሁን

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ደጋው ላይ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፤ ያን ያህል ይለያያል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ጓደኛዬ ማርሹን ዝቅ አደረገ። ይህንኑ ዳገት ሽቅብ ቢወጣው በሚይዘው ማርሽ ነው የሚወርደው። ፍሬን ደጋግመው ሲረግጡት ይግላል፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ የተጫነ መኪና በድንገተኛ ፍሬን ቀጥ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ክብደቱን ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ከኋላችን አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ ጓደኛዬ ወደ ጥግ ጠጋ አለለት። «ይለፍ። እኔ የሰው ቤት ነው የጫንኩት» አለ። ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ፍጠን ብዬው አላውቅም፤ ከአንድ ቀን በስተቀር።

4. ጋቢና ውስጥ ዝም ማለት ይቻላል

ሹፌር እንዳይተኛ ማውራት አለብኝ ብዬ ከአዲስ አበባ እስከ ሰኮሩ አፌን አልዘጋሁም። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ከጥቂት ወራት በፊት በኅዳር ስለተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልና ቦንጋ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ስለመሆኗ ሁሉ አወራሁ። እሱ «እህ» ይላል፣ መንገዱን ያያል። ሲደክመኝ ዝም አልኩ። የግልገል ግቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በጉም መሀል ታይቶ ጠፋ። አሰንዳቦን አለፍን። ሰርቦ ልንደርስ ስንል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «አባቴ ሲሞት አልመጣህም» አለ።

አልሄድኩም ነበር። ደውዬ ብቻ ነው ያጽናናሁት። እኚያ ሰው በልጅነቴ እንደ ልጃቸው አብልተው ያሳደሩኝ ናቸው። የሥራውን፣ የገንዘቡን፣ የርቀቱን ምክንያት ሁሉ በአፌ ይዤው ነበር፤ አላወጣሁትም። «አጥፍቻለሁ» ብቻ አልኩ። ብዙ ቆይቶ «ቆሎ ቀርቷል?» አለኝ፤ ዘግኜ በመዳፉ አስቀመጥኩለት። ወሬዬ ቢቀጥል ኖሮ ያን ቃል ለማውጣት ቦታ አያገኝም ነበር።

5. ሒሳብ ከወዳጅ ጋር ከመነሻው

ጓደኛዬ የጭነት ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ምሏል። ናፍጣው የእኔ ነው ብዬ እኔም ማልኩ። በሰኔ መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው መነሣት ሲጀምር ናፍጣ በሊትር ከ35 ብር ወደ 49 ብር ወጥቶ ነበርና ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ግን ከመነሣታችን በፊት ስለተነጋገርን ማደያ ላይ እጅ ለእጅ አልተያያዝንም። ናፍጣን ካነሣን፣ ታንከሩን ጅማ ላይ ሙሉ።

6. የዝናቡን ሰዓት የሚያውቀውን ሰው ስማ

የጅማን ዞን ከካፋ የሚለየው ጎጀብ ነው። ወንዙ ዳር ይሞቃል፤ ከተሻገሩት በኋላ ሽቅብ ሲወጡ በጊምቦ በኩል ደኑ ይቀበላል። ይህ የዱር ቡና አገር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበው በ2002 ነው። ለጎብኚ አረንጓዴውን ማድነቅ ደግ ነው፤ ዕቃ ለጫነ ሰው ግን አረንጓዴው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። እንዲህ ያለ ደን የሚቆመው የዓመቱን ትልቅ ክፍል ሲዘንብበት ነው። በክረምት ጧቱ ብዙ ጊዜ ፋታ ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል።

ቦንጋ የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጓደኛዬ ሰማዩን አይቶ «እዚህ እናድራለን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንነሣለን» አለ። እናቴ ቡና አፍልታ እየጠበቀችኝ ነበር። ደውዬ ዛሬ እገባለሁ ብያታለሁ። ለመንኩት፣ ነዘነዝኩት፣ በመጨረሻ «እናቴ ናት እኮ» አልኩት። እናቴን ስጠራበት ዝም ብሎ ሞተሩን አስነሣ። የሹፌርን ዕውቀት በወዳጅነት ማሸነፍ እንደሚቻል ያን ቀን አየሁ፤ በሕይወቴ ከማፍርባቸው ድሎች አንዱ እሱ ነው።

አባቶቻችን የካፋን ንጉሥ አገር ይጠብቁ የነበረው በጥልቅ ቦይና በበር ነበር ይባላል፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም መዝግበውታል። መንግሥቱ እስከወደቀበት እስከ 1889 ዘመቻ ድረስ ማንም ሰው በሩ ላይ ሳይቆምና ሳይጠየቅ ወደ ውስጥ አያልፍም ነበር። አስፋልቱን ለቀን ጠጠሩን ስንይዝ ይህን አስታወስኩ። ዝናቡ ጀመረ፤ እኛ ግን አልቆምንም።

7. ጭቃ ሲይዝህ ነዳጅ አትርገጥ

ጨለማ ሊሆን ሲል አንድ ዳገት ላይ የኋላ ጎማችን ሰመጠ። ሞተሩን ባስጮኸው ቁጥር ጎማው ጉድጓዱን ያጠልቃል እንጂ አይወጣም። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አጠፋው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ፣ «አደርን» አለ። ነግሬህ ነበር አላለኝም። ያን ሌሊት በሙሉ ጠበቅኩት፤ አላለኝም። ከሰሉን ከኋላ አውጥቼ በሸራው ጠርዝ ሥር ውጭ አያያዝኩና ቡና አፈላሁ፤ ብርድ ልብሱን ለሁለት ተከፋፈልን። ቀጣዩንም ቀን ውለን አደርንበት፤ ዝናቡ ፋታ አልሰጠም።

በሦስተኛው ቀን ጧት የአካባቢው ሰዎች ተሰበሰቡ። አንድ ሽማግሌ በካፊ ኖኖ ቋንቋ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ የእናቴን ስም ስነግራቸው ወደ ልጆቹ ዞረው አዘዙ። መኪናው በጭነቱ ስለማይወጣ ግማሹ ዕቃ መውረድ ነበረበት። ቁም ሳጥኔ፣ ወንበሮቼ፣ ፍራሾቼ ሣር ላይ ተደረደሩ። ካፊያው ሲጀምር ሸራው መኪናው ላይ ነው፤ ደነገጥኩ። ከመንገዱ ዳር ካለው አጥር ወዲያ ያሉ አንዲት እናት ከእንሰታቸው ሰፋፊውን ኮባ እየቆረጡ መጡና ፍራሹን እንደ ጣራ ክዳን ከታች ወደ ላይ እያደራረቡ አለበሱት። ጠብታ አልገባም። አዲስ አበባ በብዙ ብር የገዛሁት ሸራ በሁለት ቦታ አፍስሶ ነበር።

ሰዎቹ ቅርንጫፍና ድንጋይ ጎማው ሥር አነጠፉ፤ እኚሁ እናት ከጎተራቸው ሁለት ጣውላ አውጥተው ሰጡን። ጓደኛዬ በመጀመሪያ ማርሽ፣ ነዳጁን በስሱ ይዞ፣ ቀስ ብሎ መኪናውን አወጣው። ዕቃውን እየተቀባበሉ መልሰው ጫኑልን። ገንዘብ ላወጣ ስል ሽማግሌው እጄን ያዙ። ይልቅ ቁጭ በሉ ተባልንና የተቀቀለ ጎደሬ በቡና በላን። በዕለቱ ቢታ ገነት ገባን፤ ስለ እናቴ ደስታ ብጽፍ አያልቅልኝም፣ ልለፈው።

8. የተዋስከውን ስትመለስ ሳይሆን ዛሬ መልስ

ማታ ዕቃ ስናራግፍ ሁለቱ ጣውላዎች በእኛ ወንበሮች መሀል ተጭነው መጥተው አገኘናቸው። በማግስቱ ንጋት፣ ዝናቡ ሳይነሣ፣ ጓደኛዬ ባዶ መኪናውን አስነሣ። እናቴ አንድ እንስራ ማር አሸከመችኝ፤ እኔም ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ ገብቼ እስከዚያ ዳገት ሸኘሁት። ጣውላዎቹን አጥበን ከአጥሩ በር አስደግፈን ማሩን ለእኚያ እናት ሰጠናቸው። ኮባው የተቆረጠበት የእንሰት ግንድ ከመሀሉ አዲስ ቅጠል ጠቅልሎ አውጥቶ ነበር። ጓደኛዬ ወደ ቦንጋ አቀና፤ እኔ በእግሬ ተመለስኩ። በመንገዱ ላይ የአባቱ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ስለነበር መጀመሪያ ወደዚያ ገባሁ።